ከቢሮው ግቢ የታጨደ ሳር

አስፋልቱን ለቀን የገረሴን ዳገት እንደጀመርን አቶ ሽመክት የመኪናውን ማቀዝቀዣ ጨምርበት አለኝ። ሙቀቱ የበዛበት መስሎኝ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው ግን ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ይንቀጠቀጣል። ማቀዝቀዣው የተፈለገው እግሩ ሥር በፌስታል ላስቀመጠው ሳር ነበር።

ሳሩን ጠዋት ከቢሮው ግቢ ያጨደለት ጥበቃው ዘመድኩን ነው። አቶ ሽመክት አጠገቡ ቆሞ «ከዚህ፣ ለምለም ከሆነው» እያለ አሳጨደው፤ ውሃ ውስጥ አስነከረው፤ ፌስታል ውስጥ ከትቶ አፉን ቋጠረው። ጋሞ ሲታረቅ እርጥብ ሳር ይዞ እንደሚንበረከክ አርባ ምንጭ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሳር የያዘ ሽማግሌ ፊትህ ከተንበረከከ እምቢ አይባልም። እምቢ ያለ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ ጎሜ ማለት ከሳሽ ሳይከስ፣ ዳኛ ሳይፈርድ፣ በከብትህና በልጅህ ላይ የሚወርድ ቅጣት ነው። ብዙ እርቅ አይቻለሁ። በፌስታል የሚጓዝ እርቅ ግን አላየሁም ነበር፤ እሱንም ዕድሜ ሰጠኝና አየሁ።

ካሳ እባላለሁ፤ የቢሮው ሾፌር ነኝ። አባቴ ከጎጃም የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ተወልጄ እዚያው ሲቀላ አረጀሁ። ጋሞኛን የለመድኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ስደባደብ ስለሆነ ስድቡን ከሰላምታው በፊት ነው ያወቅኩት። አቶ ሽመክት ዳይሬክተራችን ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ የአበል ወረቀት የሚፈርም ሰው አንቱ ይባላል። እዚህ ግን ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ሰው ስለሆነ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ከኋላችን ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ታላቃቸው አባ ደበሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ታሞ ወደ መኪናው ያስገባኋቸው ደግፌ ነው። ሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አቶ ሽመክት አያዳምጣቸውም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «አዲሱ አደረጃጀት በፈጠረው የአሠራር ክፍተት ምክንያት…» ይላል፤ ይተወዋል፤ ድምፁን አስተካክሎ እንደገና ይጀምራል። እናቱ ከዚሁ ከደጋው ናቸው፤ እስከ አሥር ዓመቱ ሌላ ቋንቋ አልሰማም። የሚሄደው ጋሞ ዘንድ ነው፤ ይዞ የሚሄደው የጋሞ ሽማግሌ ነው፤ የሚለማመደው ግን በአማርኛ ነው። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ስብሰባ የለመደ አፍ ነው ብዬ ተውኩት።

ነገሩ የጀመረው ክልሉ የፈረሰ ጊዜ ነው። በ2015 ማብቂያ ላይ አንዱ ደቡብ በየፊናው ሲከፋፈል፣ የአዲሱ ክልል ቢሮዎች ባንድ ከተማ አልተቀመጡም፤ ግማሹ ሶዶ፣ ግማሹ ዲላ፣ ግማሹ አርባ ምንጭ እየተባለ ተበተነ። ሐዋሳ ላይ ጎጆ የወጣ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ ሠራተኛ አንድ ቀን ጠዋት «ዕቃህን ሸክፍ» ተባለ። ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር በአይሱዙ ተጫነ። አሮጌው ማህተም ሲሰበር አይቻለሁ። አዲሱ እስኪቀረጽ ድረስ ያለ ማህተም የሰነበትን ሠራተኞች ነን፤ ማነህ ብንባል የምናሳየው አልነበረንም።

ሚሪያምን ያወቅኳት ያኔ ነው። የውሃ ጥራት ላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አርባ ምንጭ ተምራ ሐዋሳ ተቀጠረች። ሌሎቹ በአውቶቡስ ሲሄዱ እሷ መሣሪያዎቹን ብቻቸውን አልልክም ብላ ከእኔ ጋር አይሱዙው ላይ ወጣች። በየጉድጓዱ «ቀስ፣ ጋሽ ካሳ» ትላለች። ምዕራብ ዓባያ ቆመን ሙዝ ስንገዛ እንኳ አልወረደችም፤ ከመስኮት ተቀብላ በላች። ጫኖ ስንደርስ ማንጎውን እያየች ሳቀች። ክልል ፈረሰ ተብሎ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔን ወደ ቤቴ መለሰኝ አለችኝ። ለወጣት ሰው ለውጥ ማለት ያው መንገድ ነው መሰለኝ።

አርባ ምንጭ ላይ ለላብራቶሪው ቡድን መሪነት ተወዳደረች። ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ ናት፤ ቢሮው በሙሉ አየ፤ እንኳን ደስ አለሽ አልናት። ምደባው ሲመጣ ግን ቦታው ላይ የአብስራ የሚባል ልጅ ተቀምጧል፤ የአቶ ሽመክት ሚስት ወንድም። ሚሪያም ለጊዜው ቦታ ካልተገኘላቸው ጋር ተደመረች፤ በቢሮ ቋንቋ ተንሳፋፊ ይባላሉ። ተንሳፋፊ ሰው ጠዋት ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ኮሪደር ላይ ይቆማል፤ ወንበር የለውም። ከሐዋሳ አቅፋ ያመጣቻቸውን መሣሪያዎች በመስታወት ውስጥ ነበር የምታያቸው።

ቅሬታ አቀረበች። ሰኞ ኮሚቴው ሊሰማት ቀጠረ። ኮሚቴዎቹ ከሶዶ የሚመጡ ናቸው፤ አቶ ሽመክትን አያውቁትም፣ አይፈሩትምም። ከሰሟት እንደምታሸንፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካልሰሟት ግን ተንሳፋፊ ሆና እንደምትቀር፣ ከዚያም የትም ዳር አገር እንደምትጣል እናውቃለን። ከሁላችን አብልጦ የሚያውቀው ደግሞ አቶ ሽመክት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሳር ያሳጨደው ለዚህ ነው።

ቅሬታውን ያቀረበችው እሷ ናት፤ ሳሩ የሚሄደው ግን ወደ አባቷ ነው። አባቷ ሀላቃ ጉታ ናቸው። ሀላቃ ማለት አገር አብልቶ፣ በአገር ፊት ተመርቆ የሚያዝ ማዕረግ ነው። እኚህን ሰው ከአሁን በፊት አንድ ቀን ብቻ ነበር ያየኋቸው። በ2011 መስከረም፣ ሌላ ከተማ ለፈሰሰው የጋሞ ደም እዚህ ያለ ጎረቤት እንዲከፍል ወጣቱ ዱላና ድንጋይ ይዞ የወጣ ጊዜ፣ ሳር ይዘው አስፋልቱ ላይ ከተንበረከኩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። መኪናዬን ጥግ አቁሜ አየሁ። ያ ሁሉ የጋለ ወጣት ሳሩን ሲያይ ዱላውን ጣለ፤ ዐይኔ ባያይ አላምንም ነበር። አቶ ሽመክትም ያን ቀን ያየ ሰው ነው። ሌላው ሰው ከዚያ ቀን ሰላምን ተማረ፤ እሱ የሳር ጉልበትን ተማረ።

ደጋው ላይ ስንወጣ አባ ደበሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው አስቆሙኝ። ወረዱ፤ እያነከሱ መስኩ ላይ ሄዱና ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ሳር ነጩ። አቶ ሽመክት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሳር ተይዟል እኮ አባባ አላቸው፤ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። አዩትና የነጩትን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ተመለሱ። ፌስታሉ እግሩ ሥር እንደተቋጠረ ቀረ።

የሀላቃ ጉታ ቤት ከገረሴ ገበያ ወዲያ፣ ከዱቡሻው አጠገብ ነው። ዱቡሻ አገር የሚመክርበት ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን የድንጋይ መቀመጫ፣ መሀሉ ላይ የቆመ ድንጋይ፣ ዳር ላይ እንሰት። ሰው አስቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ተሰብስቧል። ሴቶቹ እንሰቱ ጋ ቆመዋል፤ በደንቡ ከዚያ ሆነው ነው የሚሰሙት። ሚሪያም ከእናቷ ከወይዘሮ ወለቴ ጋር እዚያው ነበረች። ለሰኞ ልትለብስ ያሰበችውን ቀሚስ እናቷ እንዲያዩላት አርብ በአውቶቡስ መጥታ ነው። ስታየን ፊቷ ተለወጠ። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ እኔ የያዝኩት መሪ ብቻ ነው ለማለት እጄን ዘረጋሁላት።

ሽማግሌዎቹ ሳሩን ይዘው ሀላቃ ጉታ ፊት ተንበረከኩ። አባ ደበሌ ሲወርዱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ከቆምኩበት ሰማሁ። አቶ ሽመክትም ከኋላቸው በሱፉ ተንበረከከ፤ ከሳሩ ለእሱም እፍኝ ሰጥተውታል። ሀላቃ ጉታ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አነሷቸው፤ ሳራቸውን ተቀብለው እግራቸው ሥር አኖሩት። ከዚያ በጋሞኛ ደንቡን ተናገሩ፤ ሳር የመጣው እውነት እንዲወጣ ነውና የበደለው ሰው ሳሩን እንደያዘ አፉን ይክፈት አሉ።

አቶ ሽመክት ቆመ፤ ሲለማመደው የመጣውን በአማርኛ አወጣው።

«ክቡራን አባቶች፣ አዲሱ አደረጃጀት በፈጠረው የአሠራር ክፍተት ምክንያት በሠራተኞች ምደባ ላይ አንዳንድ ውስንነቶች ታይተዋል። በዚህ እህታችን ቅር ተሰኝታ ከሆነ ቢሮው ይቅርታ ይጠይቃል።»

ሰው አንገቱን ነቀነቀ። አማርኛ የማይሰሙት ይቅርታ የምትለዋን ይዘዋል። አማርኛ የሚሰሙትም ቢሆኑ ይህን ዓይነቱን አማርኛ አይሰሙትም፤ እኔ ራሴ ስብሰባ ላይ ሲጀመር እንቅልፌ ይመጣል። መኪና ውስጥ ያልገባኝ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሳር ጨብጦ መዋሸት ጎሜ ነው፤ ሽመክትም የደጋ ልጅ ነውና ይፈራዋል። ጎሜ የቢሮ አማርኛ አይሰማም ብሎ ተስፋ አድርጓል። የተማረ ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው፤ እንደ መሃይም አምኖ እንደ ጠበቃ ያመልጣል።

ሀላቃ ጉታ ግን ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ የቆዩ ሰው ናቸው፤ አማርኛው አላመለጣቸውም። ጊዜ ወስደው አዩት።

«ልጄ፣ አሁን ያልከውን በእናትህ ቋንቋ ድገመው» አሉት።

አቶ ሽመክት አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። እጁ ላይ ያለው ሳር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣ የከፈተበት ሰው አልነበረም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። ወደ እኔም ዞረ፤ እኔ ሾፌር ነኝ። ላብ በግንባሩ ወረደ። በመጨረሻ የመጣው ድምፅ የዳይሬክተር ድምፅ አልነበረም፤ የደጋ ልጅ ድምፅ ነበር።

«ቦታው የእሷ ነበር» አለ በጋሞኛ። «በፈተናው የበለጠችው እሷ ናት። እኔ ወስጄ ለሚስቴ ወንድም ሰጠሁት። አውቄ ነው። ዋሽቻለሁ።»

አለቀሰም። ለይምሰል አልነበረም፤ ትከሻው ሲርገበገብ አይቻለሁ። የኔ ልብ ግን ከደስታ ብዛት ሊፈነዳ ነበር። አለቀለት አልኩ በሆዴ፤ አገር በሙሉ ሰምቶታል፤ ሰኞ ምን ይላል? ሚሪያምም እንደኔ ሳታስብ አልቀረችም፤ ከእንሰቱ ሥር ሁለት እርምጃ ወደፊት መጥታለች፤ ዐይኗ በርቷል። እኔና እሷ ከተማ ያሳደገን ሞኞች ነበርን። እውነት ከወጣ ነገሩ የሚጀመር መስሎን ነበር፤ በዚያ ሜዳ ደንብ ግን እውነት ከወጣ ነገሩ ያለቀ ነው።

አባ ደበሌ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁ። እውነቱ ወጥቷል፤ በደሉ ታጥቧል፤ ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር በአፉ የሚያነሳ ጎሜው በራሱ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም ሳላስበው ከሕዝቡ ጋር አሜን ብያለሁ። ይህን ስጽፍ እንግዲህ ጎሜው በኔ ነው፤ ከብትም የለኝ።

ከዚያ ሚሪያምን ጠሯት። ሴት ልጅ ዱቡሻው መሀል ስትገባ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ብሎ አጠገቤ የቆመ ሽማግሌ አንሾካሾከልኝ። ይቅር ማለቷን፣ ቅሬታዋንም ማንሳቷን በአፏ እንድትናገር ተጠየቀች።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ከልቤ ነው። ሰኞ ግን እሄዳለሁ። እዚህ ያለውን እዚያ ይድገመው፤ ሌላ የምፈልገው የለም።»

ማጉረምረም ተነሳ። አባ ደበሌ ይቅር የተባለ ሰው አይከሰስም፤ አንድ አፍ ይቅርታና ክስ አይዝም ብለው በቀስታ አስረዷት፤ እንደ አያት ነበር የሚያናግሯት። እሷም በቀስታ መለሰች።

«አባቶቼ፣ የተንበረከካችሁት ለአባቴ ነው። የተወሰደብኝ እኔ ነኝ። ለእኔ ሳር አልመጣም።»

እውነቷን ነው። ከሚቀጥለው ነገር ግን እግዜር ይሰውረን። አባ ደበሌ ጥቂት አሰቡ፤ ከመሬት ሳሩን አነሱ፤ ማንም ሳይደግፋቸው የልጅ ልጃቸው ልትሆን ከምትችል ሴት ፊት ተንበረከኩ። ያን ያህል ሽማግሌ ለሴት ልጅ ሲንበረከክ በዚያ ሜዳ የታየ አይመስለኝም። ክብሩን ሰጧት፤ በክብሩም አሰሯት። አባ ደበሌ ተንኮል አልነበራቸውም፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ሚሪያም ወደ አባቷ ዞረች። ሀላቃ ጉታ ቀና አላሉም።

«ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ስንበረከክ፣ የመጡት ልጆች ተቆጥተው ነበር» አሉ። «ቁጣችን እውነት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ማን ልኮህ ነው፣ ማንን ልታድን ነው ብለው አልጠየቁኝም። ሳሩን አዩና ዱላቸውን ጣሉ። ዛሬ የእኔ ልጅ ሳሩን ካለፈችው፣ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ የምንይዘው ነገር የለንም።»

«እነሱ ዱላ ነው የጣሉት፣ አባባ» አለች። «እኔ ምን ይዣለሁ?»

ሀላቃ ጉታ ከተማ ያተረፉ ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው ግን አንድ ቃል አጡ። ወይዘሮ ወለቴ ከእንሰቱ ሥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ቆመዋል። የሁላችንም ዐይን አባ ደበሌ ላይ ነው። የታመመው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሳሩን የያዘው እጃቸው ዝቅ ዝቅ እያለ ነው፤ እሳቸው ግን አይነሱም። እስኪመሽም ቢሆን አይነሱም ነበር።

ሚሪያም ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ደግፋ አነሳቻቸው። ምናልባት አዛውንት ጭቃ ላይ ሲንቀጠቀጡ ማየት አልቻለች ይሆናል፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራት ይሆናል። በደንቡ ግን የተንበረከከን ያነሳ ተቀብሏል። ሴቶቹ እልል አሉ።

አቶ ሽመክት እንባውን ሳይጠርግ ስልኩን አወጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቁጥር ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ሜዳ ኔትወርክ የሚይዘው የቆመው ድንጋይ ጋ ብቻ ስለሆነ ሁለቱም እዚያ ሄደው ቆሙ፤ ሚሪያም አባቶቿ መሐላ የሚምሉበትን ድንጋይ ተደግፋ ስልኩን ተቀበለችው።

«ሚሪያም ጉታ ነኝ። ቅሬታዬን አንስቻለሁ።» አዳመጠች። «አይ፣ ማንም አላስገደደኝም» አለችና ስልኩን መለሰችለት።

ከዚያ ተበላ። ቆጮና ዳጣ ቀረበ፤ የታረቁ ሰዎች ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። አቶ ሽመክት አጎረሳት፤ ጎረሰች። ለእኔ ወይዘሮ ወለቴ ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው እስክበላ ጠበቁ። ከዚያ ወንዶቹ ታረቁ አይደል ብለው ጠየቁኝ። እኔም አዎ፣ ወንዶቹ ታርቀዋል አልኳቸው።

አብሮ ታርቆ ለየብቻ መመለስ ደንብ አይደለም ተብሎ ሚሪያም ከእኛ ጋር እንድትወርድ ሆነ። ቀሚሷን ጠቅልላ በቦርሳ ይዛ ወጣች። ሀላቃ ጉታ እስከ መኪናው ሸኟት፤ መስኮቱን ይዘው ቆሙ፤ የሚሉት ያለ መስሎኝ ሞተሩን አላስነሳሁም። በደህና ግቢ አሉ፤ እጃቸውን አነሱ። እሷ እሺ አባባ አለች።

ሽማግሌዎቹን በየመንደራቸው አውርደን ቁልቁለቱን ስንጀምር አቶ ሽመክት ተኝቷል። እስቲ በእንቅልፉ ልፍረድበት? ከምደባው ወዲህ ፊቱ የገረጣ ሰው ነበር። ዛሬ ቀሎት፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን ያንኮራፋል። ከኋላ በመስታወት ሳያት ሚሪያም ዐይኗ ፈጥጧል። ከታች የዓባያና የጫሞ ሐይቆች በጭጋግ ውስጥ ታዩ። አንዱ ተናዞ ተኛ፤ አንዷ ይቅር ብላ እንቅልፍ አጣች፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን ጭኜ እነዳለሁ።

ቆላው ላይ ሙዙ ሲጀምር ነቃ። ተንጠራራ፤ እንዴት ያለ አየር ነው አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ።

«ሚሪያም፣ ሰኞ ለየአብስራ መሣሪያዎቹን ታሳዪዋለሽ አይደል? እሱ እንዳንቺ አያውቃቸውም» አላት በአማርኛ።

እኔ ፍሬኑን ልይዝ ምንም አልቀረኝም።

«በጋሞኛ ይበሉልኝ» አለችው።

አባቷ ያሉትን ነው ያለችው፤ ያው ድምፅ፣ ያው እርጋታ። ሲንቀጠቀጥ ላየው በመስታወቱ ጠበቅኩ። እሱ ሳቅ አለ፤ ጥያቄው ምንም አልከበደውም። በጋሞኛ ደገመው። እህቴ፣ ሰኞ ለልጁ መሣሪያዎቹን አሳዪው፣ እሱ አያውቃቸውም አለ። አልተንተባተበም፤ ላብም አልወጣውም። ምን ያስፈራዋል? ውሸት የለበትም፤ ልጁ በእርግጥም አያውቃቸውም። ለካ ጎሜ የሚጠብቀን ከውሸት ብቻ ነው።

ሚሪያም ወደ ውጭ ዞረች። አስፋልቱን ስንይዝ እሺ አለች፤ በየትኛው ቋንቋ እንዳለችው አላስታውስም።

ሲቀላ መግቢያ ላይ አወረድኳት። አቶ ሽመክትን ቤቱ ሳደርሰው ፌስታሉን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይህን ቆሻሻ ጣለው አለኝ። ቢሮ ደርሼ ስከፍተው ሳሩ እንደጠዋቱ ለምለም ነው፤ ቀኑን ሙሉ በውሃና በማቀዝቀዣ ውሎ አንድም ቅጠል አልጠወለገም። አባ ደበሌ በእጃቸው የነጩት ደጋ ላይ ፀሐይ ላይ ቀርቷል፤ እሱማ እስከ አሁን ገለባ ሆኗል።

ሰኞ ከሶዶ የመጣ ኮሚቴ አልነበረም። ሚሪያም ከሁሉ ቀድማ መጣች፤ ያን ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ላብራቶሪው ውስጥ ገብታ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ለየአብስራ ስታሳየው በመስታወቱ አየኋት። ልጁ ትሑት ነው፤ በየመሀሉ አመሰግናለሁ እህቴ ይላታል። ቦታው የማን እንደነበረ አያውቅም፤ የሚነግረውም የለም። እስከ ቅዳሜ ድረስ ቢሮው በሙሉ በየጥጉ ያንሾካሽከው የነበረ እውነት፣ በአገር ፊት ጮክ ተብሎ ስለተነገረ፣ ከእንግዲህ ማንም የማያነሳው ነገር ሆኗል። ስትጨርስ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

ዘመድኩን በሩ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ቅዳሜ ያጨደው ሳር ምን እንደፈየደ ለማወቅ ጓጉቶ ነው።

«ጋሽ ካሳ፣ እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«ታረቁ» አልኩት።

ተመስገን አለና ያጨደበትን መስክ ውሃ ሊያጠጣ ጎማውን ጎትቶ ሄደ።